የመዳብ ውሃ

የዓይን ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ ከሰጣት በኋላ እትዬ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ ወደ ቤቷም አልሄደችም። ዝም ብላ ተራመደች። እትዬ የሚላት ታናሽ ወንድሟ ብቻ አይደለም፤ የሠርግ ቀሚስ በሚሰፋበት ዎርክሾፕ አብረዋት የሚሠሩት ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሁለት ሴቶች ሳይቀሩ፣ እትዬ ነው የሚሏት። እዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዶቃ ስትሰፋ፣ ጥልፍ ስትጠልፍ፣ ሌላው ያበላሸውን ስፌት ስትፈታ ኖራለች። ሐኪሙ ያላት አጭር ነበር፦ የሁለቱም ዓይኖቿ መሐል እየሞተ ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀራል፤ መሐሉ ግን ከሄደ አይመለስም።

"መቼ?" አለችው።

"ዓመት። ከዚያም ሊያንስ ይችላል።" ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

አንድ መታጠፊያ ላይ ቤት ውስጥ የሚኖሩ የጌጥ ዓሦች የሚሸጡበት ሱቅ አለ። በዚያ በኩል ብዙ ጊዜ አልፋለች፤ ቆማ ግን አታውቅም። ያን ቀን መስኮቱን ተደግፋ ቆመች። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከትልልቆቹ የዓሣ ገንዳዎች ሥር፣ አንዲት ትንሽ አኳሪየም ነበረች። ውስጧ ዓሣ የለም። ከጥፍር የማይበልጡ ቀያይ ነገሮች በአረንጓዴ ሣር ላይ ተበትነዋል። ጠጋ ብላ አየቻቸው። ሽሪምፖች ናቸው። እጃቸው አያርፍም። ከሣሩ ላይ ለቀም፣ ወደ አፍ፤ ለቀም፣ ወደ አፍ። ሁሉም ባለበት አቀርቅሯል፤ ማንም ቀና ብሎ ማንንም አያይም። ሥራ በዝቶ ወሬ ሲቆም ዎርክሾፑ ልክ እንደዚህ ነው የሚመስለው። እትዬ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እንባዋ መጣ፤ በመሐረቧ ጠራርጋው ገባች።

ባለሱቁ ቀድሞ ነርስ የነበረ፣ አሁንም በሽተኛ እንዳይረበሽ ያህል ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

"እነዚህን ቤቴ ማኖር እችላለሁ?" አለችው።

"ይችላሉ። ግን ዛሬ አልሸጥልዎትም።"

"ምነው? ገንዘብ ይዣለሁ እኮ።"

"ውሃዎ ገና ነዋ። አዲስ ውሃ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ለእነሱ መርዝ ነው። ቆሻሻቸውን የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ፤ እነሱ ድንጋዩ ላይ፣ ስፖንጁ ላይ እስኪሰፍሩ ቢያንስ አራት ሳምንት ይፈጃል። ዛሬ ሳጥኑን ይውሰዱ፤ ሽሪምፖቹን ከወር በኋላ ይመጡልኛል።"

ወር መጠበቅ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አልነገረችውም። ባዶውን አኳሪየም፣ አንድ ከረጢት ጥቁር ጠጠር፣ ስፖንጅ ማጣሪያ፣ ትንሽ የአየር ፓምፕና በላስቲክ የተጠቀለለ የውሃ ሣር ይዛ በታክሲ ወደ ቤት ሄደች።

ወንድሟ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የቀኝ ክንዱ እንደታጠፈ ስለቀረ የሥራ ጓደኞቹ ጎሚቶ ብለው አወጡለት፤ ጎሚቶ ቧንቧ ወደ ጎን የሚታጠፍበት ማያያዣ ነው። ስሙን ወዶታል፤ ስልክ ሲያነሳ እንኳ "ጎሚቶ ነኝ" ይላል። ትዳሩ ከፈረሰ ወዲህ ወላጆቻቸው በተዉላቸው ባለሦስት ክፍል ቤት ከእህቱ ጋር ይኖራል። ከሁለት ዓመት በፊት የቤቱን የዛገ ቧንቧ በሙሉ ነቅሎ በመዳብ ቀይሮታል። በሥራው ዓለም ሁሉም ወደ ፕላስቲክ ዞሮ ነበር፤ እሱ ግን ከአንድ ትልቅ ሕንፃ የተረፈ አዲስ መዳብ አገኘና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በየዳ፣ አጸዳ፣ ወለወለ። እንግዳ ሲመጣ ከሳሎኑ በፊት የሚያስጎበኘው የማድ ቤቱን ቧንቧ ነበር። "ይሄ እኔ ከሞትኩም በኋላ አለ" ይል ነበር፣ በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ሲያይ መሣሪያውን እንኳ ሳያስቀምጥ ቆመ።

"ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?"

"ሽሪምፕ ላኖር ነው።"

"ለመብላት?"

"ለማየት።"

"ለማየት ከሆነ ቴሌቪዥኑ ምን አደረገሽ?"

"ቴሌቪዥን ያፈጥብኛል" አለች። "እነዚህ አንገታቸውን ደፍተው ይሠራሉ።"

ጎሚቶ ሳቀ። ሲስቅ ግን እጁ ሥራ ጀምሮ ነበር። ጠጠሩን በባልዲ እየደጋገመ አጠበ፤ ጥቁር ውሃ፣ ግራጫ ውሃ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጦ አንዱ እግር ማጠሩን አገኘና ካርቶን አጥፎ ደገፈው። ስፖንጁን ከፓምፑ ጋር በቀጭን የላስቲክ ቱቦ አገናኘው። ውሃውን ግን ያን ቀን አልሞላም። "ጠዋት ነው የሚሞላው" አለ። "ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያረፈ ውሃ ዝቃጭ የለውም።" በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት፣ የመጀመሪያውን ውሃ በባልዲ ቀድቶ ሞላላት፤ የክሎሪን ማጥፊያውን ጠብታ ጨመረበት። ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ። ቀጫጭን አረፋዎች በተርታ ወደ ላይ ወጡ።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ከዚያ ጠራ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ቡናማ ነገር ወጣ። እትዬ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ባዶው ሳጥን ፊት ትቀመጣለች። በየሳምንቱ ባለሱቁ በሰጣት ትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድታ ጠብታ ትጨምርበታለች፤ ቀለሙ እየተለወጠ ውሃው የት እንደደረሰ ይናገራል። በሦስተኛው ሳምንት ብልቃጡን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

"ቀለሙን አንተ እየው።"

"ቢጫ ነው። ፊት ለፊትሽ ይዘሽው የለ እንዴ?"

"አይ... መብራቱ ነው።"

መብራቱ ምንም አልሆነም። ጎሚቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብ አለ። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ ታደርጋለች። ክር በመርፌ ስታስገባ በምላሷ እየዳሰሰች ነው። ሰው ስታነጋግር ከጆሮው ጎን ያለ ነገር የምታይ ትመስላለች። አንድ እሑድ ቁርስ ላይ "ዓይንሽን ምን ሆነሻል?" አላት። እሷም፣ ስለ ተቃጠለ አምፖል እንደምትነግረው ያህል፣ ነገረችው።

ጎሚቶ ዳቦውን አስቀመጠ። "መነጽር..." አለ።

"መነጽር አይሠራለትም።"

"ዎርክሾፑስ?"

"ገና አላወቁም። እጄ ያውቀዋል፤ ዓይኔ እስኪዘጋ ድረስ እሠራለሁ። ስድስት ወር፣ ከቀናኝ ስምንት። አንድ የጀመርኩት ቀሚስ አለ፤ እሱን ሳልጨርስ አልወጣም።"

ከወሩ በኋላ አሥር ሽሪምፖች በላስቲክ ከረጢት ገቡ። ባለሱቁ ውሃውን ቶሎ እንዳትቀይርባቸው አስጠንቅቋት ነበር፤ የሳጥኑ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወደሚቆዩበት ሳህን ይግባ፣ እስኪለምዱት።

"ዕድሜ ልኬን ጠብታ ሳስቆም ኖሬ ዛሬ ጠብታ አስጀምር ትይኛለሽ?" አለ ጎሚቶ። ግን ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ቋጥሮ፣ ቋጠሮውን ላላ ጠበቅ እያደረገ፣ በሴኮንድ ሁለት ጠብታ እስኪሆን ድረስ ሰዓቱን እያየ አስተካከለው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ እትዬ አንድ በአንድ በማንኪያ ወደ ሳጥኑ አሳለፈቻቸው። አሥሩም ሣሩ ውስጥ ጠፉ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ወጣ፤ ጠጠሩ ላይ ቆመና ሥራውን ጀመረ፤ ለቀም፣ ወደ አፍ።

ያ ሳምንት ጥሩ ሳምንት ነበር። እትዬ ማታ ማታ ባለሱቁ ከሰጣት ምግብ አንዲት ፍሬ ትጥልላቸዋለች። አንድ ጠዋት የሞተ መስሏት ያለቀሰችለት ሽሪምፕ የወለቀ ቅርፊት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ባለቤቱ ከሣሩ ኋላ አዲስ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። "አየህ፣ ሳይቸኩል በልኩ ሰፍቶ ነው የለበሰው" አለች፤ ጎሚቶ እህቱ ስትስቅ ከሰማ ስንት ጊዜ እንደሆነው አሰበ።

በሳምንቱ መጨረሻ ከውሃው ሲሶውን መቀየር ነበረባቸው። ጎሚቶ እንደ ወትሮው በጠዋት የመጀመሪያውን ውሃ ቀድቶ ሞላ። ከሰዓት በኋላ ሽሪምፖቹ መልቀም ትተው በመስታወቱ ዙሪያ ይዋኙ ጀመር፤ መውጫ እንደሚፈልግ ሰው፣ ወዲያና ወዲህ። በማግስቱ ሁለቱ በጎናቸው ወድቀው ተገኙ። የተቀቀሉ ይመስል ሰውነታቸው ደፍርሶ ነጥቷል። ከዚያ ሦስት። ጎሚቶ እንዲሻላቸው ብሎ በጠዋት ደግሞ ውሃ ቀየረ። በአራተኛው ቀን የቀሩትም አለቁ።

እትዬ ፓምፑን አላጠፋችም። አረፋው በባዶው ሳጥን ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። "ምን አጠፋሁ?" ትላለች። "እስቲ ንገረኝ፣ ምን አጠፋሁ?"

ጎሚቶ ያን ቀን በሥራው ተናዶ ነው የመጣው። ሦስት ጊዜ ሲደጋገምበት አመለጠው፦

"እትዬ፣ ምግቡን አታይውም እኮ። ምን ያህል እንደምትጥዪላቸው አታይም። አብዝተሽባቸው ነው የገደልሻቸው።"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ከንፈሯን ነከስ አደረገች። "አንድ ቀን ሁለት ፍሬ ወድቆብኝ ነበር" አለች። "አንድ መስሎኝ። ልክ ነህ።"

በተከታዩ ማክሰኞ ጎሚቶ ሊክሳት ብሎ፣ ሳይነግራት፣ ወደ ዓሣ ሱቁ ሄደ። ሌላ አሥር እንዲሰጡት ጠየቀ። ባለሱቁ አልቸኮለም። እንደ ሐኪም መጠየቅ ጀመረ፦ መቼ ነው መዋኘት የጀመሩት? ውሃ የተቀየረ ዕለት? መቼ ነው የሚቀዳው? ከየት?

"ከቤት ቧንቧ ነው። በጠዋት፣ ሌሊቱን ያረፈውን።"

"ቧንቧው ምንድን ነው?"

"መዳብ!" አለ ጎሚቶ፤ ደረቱ ሳያስበው ነፋ አለ። "ራሴ ነኝ የዘረጋሁት።"

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ትንሽ ጠርሙስ አውርዶ ሰጠው። "በዚህ ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ውሃ ቀድተው ያምጡልኝ።"

ረቡዕ ጠዋት አመጣለት። ሁለት ጠብታ ሲገባበት ውሃው ቀለሙን ለወጠ። ባለሱቁ ከካርዱ ጋር አስተያየው።

"ሰው ቢጠጣው ምንም አይለውም። ሽሪምፕን ግን ይገድላል፤ መዳብ ለእነሱ ቀላል መርዝ አይደለም። ውሃው ሌሊት ቧንቧው ውስጥ በቆየ ቁጥር ይብሳል። መጀመሪያ የሞሉትን በወሩ ሣሩና ጠጠሩ አጣርተውላቸው ይሆናል፤ በኋላ የጨመሩት ግን በአንዴ ነው የደረሳቸው።"

"ምግብስ... ሁለት ፍሬ ቢበዛባቸው?"

"ሁለት ፍሬ? እነሱው ራሳቸው ይጨርሱታል። ሁለት ፍሬ ማንንም አይገድልም።"

ጎሚቶ ጠርሙሱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በመንገድ ሁሉ እንዴት እንደሚነግራት ያዘጋጅ ነበር። ቤት ሲደርስ እህቱ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ ልብስ ትተኩሳለች። ማድ ቤት ገባ። ቧንቧው በግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ መጋጠሚያዎቹ ያበራሉ። ሁለት ዓመት ሰው ያደነቀለት፣ ትዳሩ ሲፈርስ፣ ክንዱ ሲከዳው፣ ይሄስ አለኝ ያለው ሥራ ነው። ነገ እነግራታለሁ አለ። ሐሙስ እንደዚሁ አለ።

ዓርብ እትዬ ከወትሮው ቀድማ ገባች። በእጇ የስፌት መቀሷን ይዛለች፤ ያ መቀስ ከዎርክሾፑ ወጥቶ አያውቅም።

"ለቀቅሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሥራውን ነዋ። ለዎርክሾፑ እመቤት ስለ ዓይኔ ነገርኳት። አዘነች፤ አቀፈችኝ።" መቀሱን መሳቢያ ውስጥ አስገባች። "ለአሥር ሽሪምፕ ስንት ፍሬ እንደጣልኩ ያላየሁ ሰው የሰው ልጅ የሠርግ ቀሚስ ላበላሽ ነው? አንተ ባትነግረኝ ኖሮ እስከዛሬም አይገባኝም ነበር። የጀመርኩትን ቀሚስ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል።"

ጎሚቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ጠርሙሱን ነካው፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ እዚያው ነበር። "ጥሩ አደረግሽ" አለ። ለምን እንደዚያ እንዳለ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል፤ መልስ አላገኘም።

ሳምንት ሙሉ ይዞት ዞረ። በሰው ቤት ቧንቧ ሲፈታ ብሎኑ ከእጁ ይወድቅበታል። እህቱ በቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል ትመላለሳለች፤ የተተኮሰ ልብስ ደግማ ትተኩሳለች፤ ከሰዓት በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። እነዚያ እጆች ባዶ ሆነው አይቷቸው አያውቅም። አንድ ቀን ሲገባ ጣቶቿ በቀሚሷ ጠርዝ ላይ፣ መርፌ ሳይኖራቸው፣ ሲሰፉ አገኛቸው።

ያኔ ጠርሙሱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"አንቺ አይደለሽም" አለ። "ቧንቧው ነው። መዳቡ። ውሃውን የመረዘው የእኔ ቧንቧ ነው። ምግቡ ምንም አላደረገም።"

እትዬ ወደ ድምፁ ዞረች።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"...ያለፈው ሳምንት ረቡዕ።"

"እኔ ሥራ የለቀቅሁት መቼ ነው?"

"ዓርብ።"

"ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ" አለች፤ በጣቷ እየቆጠረች። "ሁለት ቀን ሙሉ አፍህን ይዘህ ነው የለቀቅሁት። ስነግርህ ደግሞ ጥሩ አደረግሽ አልከኝ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ተወኝ።"

በማግስቱ ለብሳ ወደ ዎርክሾፑ ሄደች። ጎሚቶ ልሸኝሽ ቢል አልፈቀደችም። ከሰዓት በፊት ተመልሳ መጣች። እዚያ ወንበሯ ላይ አዲስ ሰፊ ተቀምጣለች፤ ቀሚሱም በእጇ ነው። እመቤቲቱ ደግ ናት፤ ጨርቅ ማጠፍ፣ ካርቶን መሙላት ከፈለገች ሁሌም ቦታ እንዳላት ነግራታለች። እትዬ አመስግና ወጣች። ይህንን ለወንድሟ የነገረችው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከ"ሻይ አለ" እና ከ"በሩን ዝጋ" በቀር አላነጋገረችውም።

ጎሚቶ ከሥራው አራት ቀን ፈቃድ ወሰደ። ውሃውን ከዋናው ዘጋና ግድግዳውን በመሮ ከፈተ። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእሳት አላላቸው። የበየዳቸው ራሱ ነውና እንዴት እንደሚለቁ ያውቃል። የወጣውን መዳብ ግቢው ውስጥ ከምሮ በምትኩ ዕድሜውን ሙሉ የናቀውን ነጭ ፕላስቲክ ዘረጋ። የታጠፈው ክንዱ ጠባቡ ቦታ ውስጥ አልገባ ሲለው በግራው ሠራ፤ ግራው ሲደክም አረፈ። ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ። እትዬ በአቧራው መሐል ታልፋለች፤ የት እንደሚሠራ በእጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች ታውቃለች፤ አትጠይቅም። በአራተኛው ቀን ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ቀባ። ውሃ ሲለቅ ቧንቧው እንደ ርካሽ ነገር ተንቀጠቀጠ።

አኳሪየሙን ባዶ አደረገው፤ ጠጠሩን ጣለ፤ አዲስ ገዛ። ከሞላው ውሃ በጠርሙስ ይዞ ሦስት ጊዜ ወደ ሱቁ ተመላለሰ። ከዚያ እንደገና አራት ሳምንት። በእነዚያ ሳምንታት የእትዬ ዓይን ፈጥኖ ወረደ። የሰው ፊት መሐሉ ጠፋባት፤ ጆሮና ፀጉር ታያለች፤ አፍና አፍንጫ የለም። የአውቶቡስ ቁጥር አታነብም። ሐኪሙ ዓመት ያለው ግማሽ ዓመት እንኳ አልቆየም።

አዲሶቹ አሥር ሲገቡ አጠገቡ አልተቀመጠችም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ጎሚቶ ከሥራ ሲመለስ ሳጥኑ ፊት አገኛት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፤ ሳጥኑን የምታየው በዓይኗ ጥግ ነው።

"ቀጥ ብዬ ሳይ የሉም" አለች፤ ሳትዞር። "ወደ ጎን ሳይ ይመጣሉ። ቀይ ቀይ ብለው።"

ጎሚቶ ቦርሳውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሰማ።

"አንዷ ከፓምፑ አጠገብ ናት" ቀጠለች። "ከሌሎቹ ወፈር ያለች። ሆዷ ሥር የሆነ ነገር አለ። ጎንበስ በልና እይልኝ።"

መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ጥቂት ጊዜ ፈጀበት። ሽሪምፗ በሆዷ ሥር ቢጫ ፍሬዎች ይዛ በትንንሽ እግሮቿ ታማስላቸዋለች።

"እንቁላል ነው" አለ። "ሃያ ይሆናል፤ ሃያ አምስት።"

"መስሎኝ ነበር።"

አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አረፋው ይወጣል። ሊጠይቃት ያሰበው ነገር ለሳምንታት ምላሱ ላይ ነበር፤ አሁን ካልሆነ መቼ ብሎ አወጣው።

"እትዬ፣ ይቅር ብለሽኛል?"

ጣቶቿ በቀሚሷ ጠርዝ ላይ ሄዱ፤ ቆሙ።

"ገና ነኝ" አለች። "አልዋሽህም። በቀሚሱ ጉዳይ ገና ነኝ።"

ጎሚቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ እንደማታየው ትዝ አለውና "እሺ" አለ። ተነስቶም አልሄደም። ሁለቱም እስኪመሽ ድረስ እዚያው ቆዩ፤ እሷ ወደ መስኮቱ እያየች፣ እሱ ወደ ውሃው።